አውሮፕላን ተሸካሚ የነበረችው መርከብ

ሆግቭሊት በሚባል የሆላንድ ሰፈር ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት አሉ። ባለፈው ሳምንት ካልሲ እያለበስኳቸው፣ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው የመርከብ ፎቶ ጠየቅኳቸው።

«በልጅነቴ ከወላጆቼ ጋር ወደ አውስትራሊያ የተሰደድኩባት ናት» አሉኝ። «በጦርነቱ ጊዜ የንግድ መርከቦችን የምታጅብ አውሮፕላን ተሸካሚ ነበረች። የመንገደኛ መርከብ ያደረጓት በኋላ ነው። እኛ ይህን አናውቅም። ምሳ ስንበላ አንድ መርከበኛ የድሮ ስሟን ሲነግረን ሳህኑ ከእናቴ እጅ አመለጠ።»

«ለምን?»

«ታላቅ ወንድሜ አብራሪ ነበር። ከዚያች መርከብ ተነሥቶ ነው ባሕር ላይ የቀረው።»

ክው አልኩ። ካልሲውን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እስቲ አስቡት፤ እናትና አባት ልጃቸው ተነሥቶ ያልተመለሰባት መርከብ ላይ ሳያውቁ ተሳፍረዋል።

«ታዲያ እናትዎ እንዴት ሆኑ?»

«ከዚያ ወዲያ ክፍሏ ገብታ አልተኛችም። ብርድ ልብስ ደርባ ውጭ ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ታያለች። አውስትራሊያ ደርሰን ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ሲጋፋ፣ እሷ ‹ልጄን ትቼ አልወርድም› ብላ የመርከቧን ብረት ጨበጠች። አባቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቆ፣ ተሸክሞ አወረዳት።»