ባዶውን የተለካ ካፓሲተር

ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ ለሰርግ ድምፅ ማጉያ የምታከራየው ስንዱ፣ ተጠገነ የተባለላትን አምፕሊፋየር አልረከብም ብላ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ውብሸት ሱቅ ውስጥ ቆማለች።

ስንዱ፦ ሳይሞከር አልወስድም አልኩህ!

ውብሸት፦ ለካሁት እኮ! ይኸው ቴስተሩ፣ ካፓሲተሩ ጤነኛ ነው ይላል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ፣ ልማልልሽ?

ስንዱ፦ ባለፈውም ምለህልኛል። ባዶውን ሲለካማ ሁሉም ጤነኛ ነው! ከበሮው ሲመታ ኃይል የሚያቀብለው ካፓሲተሩ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? አራቱን ስፒከር ሰክቼ ከበሮው ሲጀምር፣ ዝዝዝ ብሎ ጭጭ! ሙሽራዋ ገና በሩ ላይ ናት።

ውብሸት፦ ታዲያ በእልልታ አልገባችም?

ስንዱ፦ እሷማ ገባች። እኔ ነኝ በስድብ የወጣሁት! ነገም እንዲህ ካዋረደኝ ማን ዳግመኛ ከእኔ ይከራያል? እንጀራዬ እኮ ነው ውብሸት!

ውብሸት፦ የአሁኑ ካፓሲተር ሌላ ነው። አዲስ! ከነማሸጊያው የመጣ!

ስንዱ፦ አዲስ ከሆነ ምን አስፈራህ? ስፒከሮቹን እንሰካ፣ ድምፁን እስከ ጥግ እንክፈተው፣ እስኪግል ይጩህ።

ውብሸት፦ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ደንግጦ የሰው ጆሮ ይቁረጥልሽ?

ስንዱ፦ ይቁረጥ! ያንተን ሥራ ከሚሰማ ይሻለዋል።

ውብሸት፦ ኧረ ኢንጂነር ስንዱ! በይ ሱቁን ልዝጋ፣ ቸኩያለሁ። ነገ የሚስቴ እህት ሰርግ ነው፤ ሱፌን ከላውንደሪ ላውጣ።

ስንዱ፦ እሰይ! ድግሱ ሞቅ ያለ ነው አሉ።

ውብሸት፦ ምን ጥያቄ አለው! አማቴ ራሳቸው ማይክ ይዘው ልጃቸውን ሊመርቁ ነው። «ማይኩ እምቢ ካለኝ አንተን ነው የማየው፣ ባለሙያው አንተ ነህ» ብለውኛል። አማቴን ደግሞ አታውቂያቸውም።

ስንዱ፦ ድምፅ ማጉያውን ከማን ተከራያችሁ?

ውብሸት፦ እኔ ምን አውቄ! ሚስቴ ናት የጨረሰችው።

ስንዱ፦ ከእኔ ጋር ነው የጨረሰችው።

ውብሸት፦ እ? የትኛውን?

ስንዱ፦ ይሄንኑ፣ ጤነኛውን። በል አንሳልኝ፣ ልሂድ። ቴስተርህ ካለ አለ ነው።

ውብሸት፦ ቆይ! ቆይ እንጂ፣ ወዴት ነው? ስፒከሮቹን አስመጪ፣ አራቱንም! እኔ እስከዚያ አዲሱን ካፓሲተር ልግጠምበት።