ድምፅ የሌለው ዲስክ

በጡረታ የተገለሉት የማተሚያ ቤት አራሚ አሮጌ ኮምፒውተራቸውን ታቅፈው ደረጃውን ሲወርዱ፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታቸው ከሥራ ስትመለስ እዚያው ደረጃ ላይ ተገጣጠሙ። ወጣቷ የአንድ ሆስፒታል ኮምፒውተሮችን የምትጠግን ባለሙያ ናት። በአንድ ሕንፃ ሲኖሩ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም፤ እሷም እንደ እሳቸው ብቻዋን ገብታ ብቻዋን የምትወጣ ሰው ነበረች።

"አባባ፣ ልያዝልዎት። ወዴት ሊወስዱት ነው?"

"ተባረኪ ልጄ። ጥገና ቤት ነው። ይሄ ኮምፒውተር በርቶ እስኪከፈት ድረስ ሻይ አፍልቼ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆውን አጥቤ እጨርሳለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር አምጥቷል። አቧራውን ቢያራግፉልኝ ብዬ ነው።"

"ቀጭ ቀጭ ካለስ አቧራ አይደለም። ዲስኩ ሊሞት ነው።"

ሽማግሌው "ሊሞት" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ባሉበት ቆሙ። ወጣቷ ኮምፒውተሩን ከእጃቸው ተቀበለቻቸውና ተያይዘው ወደ ሽማግሌው ቤት ተመለሱ።

ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ነገር ግን ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ብቻ ነው መቀመጫው የተላጠው። ባለሙያዋ ካቻቢቴ አምጥታ የኮምፒውተሩን ጎን ከፈተች።

"ባለፈው አንድ የኮምፒውተር ነጋዴ ኤስ ኤስ ዲ የሚባል አዲስ ዓይነት ዲስክ ግዛ ብሎኛል" አሉ ሽማግሌው። "ማስቲካ የምታህል ነገር አውጥቶ፣ ከዚህ የሚፈጥን የለም አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ።"

"ኤስ ኤስ ዲ መግዛቱስ ትክክል ነው፤ ያሳየዎት ግን የእርስዎ አይደለም። ይኸው ይመልከቱ፣ ያ ዓይነቱ የሚሰካበት ቦታ እዚህ ላይ የለም። ለዚህ የሚሆነው በገመድ የሚያያዘው፣ ሳታ የሚባለው ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ ፍጥነቱም ካሁኑ በብዙ ይበልጣል።"

"እንግዲያው ከሳታው ርካሹን እገዛለሁ።"

"እሱም አይሆንም። አምራቹ የማይታወቅ፣ መጠኑን በማሸጊያው ላይ ዋሽቶ የሚጽፍ ሞልቷል። የዓመታት ዋስትና ያለውን ይምረጡ። እስኪያረጅ ምን ያህል ፋይል ሊጻፍበት እንደሚችልም ማሸጊያው ላይ ይሠፍራል፤ ለቤት አገልግሎት መካከለኛው ይበቃል። መጠኑ ያለዎትን ፋይል ሁሉ ይዞ ትርፍ ቦታ የሚተው ይሁን፤ ጢም ካለ ይንቀራፈፋል። ከዚያ በላይ መክፈል ለማይኖሩበት ክፍል ኪራይ መክፈል ነው።"

ሽማግሌው እንደ አራሚ እያንዳንዱን ቃል አጣርተው ሰሙ። ሆኖም አልተረቱም።

"በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም አሉኝ። እኛ ማተሚያ ቤት ዝም ያለ ማሽን የተበላሸ ማሽን ነበር።"

"ችግሩ የመጣው ከሚንቀሳቀሰው ነው፣ አባባ። በዚህኛው ውስጥ ሳህን ይሽከረከራል፤ በላዩም ቀጭን ክንድ ይመላለሳል። የደከመው እሱ ነው። አዲሱ ስለማይሽከረከር ድምፅ የለውም።"

"እሱን ነው የምልሽ።" ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዋጋውስ ይገኛል። ጠዋት ስከፍተው ያጉረመርማል። እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ድምፅ ያለው እሱ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ዝም የሚል አምጣ ትይኛለሽ።"

ሰው አሮጌ ዕቃን ሙጥኝ የሚለው ሁልጊዜ ከስስት የተነሣ አይደለም። ወጣቷም ይህ ስለገባት አልሳቀችባቸውም።

"እኔም ማታ ማታ ቴሌቪዥን ከፍቼ ነው የምተኛው" አለች። "አላየውም።" ከዚያም ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከተች ጠየቀች። "በውስጡ ምን አለ?"

"የባለቤቴ ንባብ። የዓይነ ስውራን መምህርት ነበረች። ተማሪዎቿ እንዲያዳምጧቸው መጻሕፍት እያነበበች እዚህ ላይ ትቀዳ ነበር። ከሞተች ወዲህ ንባቡን አልከፈትኩትም። አልቻልኩም።"

"ሌላ ቦታ ቅጂ አለው?"

"የለውም።"

"አባባ፣ የሚያጉረመርመውን አዳምጣለሁ ሲሉ የባለቤትዎን ንባብ ሊያጡ ነው።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት።

"ሱቁ ሳይዘጋ እንሂድ" አሉ።

ዲስኩን መርጣ ያስገዛቻቸው እሷ ናት፤ ፋይሎቹን ያሻገረችውም እሷ። አንዳንዶቹ ምዕራፎች ግን አሮጌው ዲስክ ላይ ተበላሽተው ስለነበር ሊነበቡ አልቻሉም። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወጣቷም የተረፈውን ሁሉ በሌላ ዲስክ ገልብጣ ሰጠቻቸው።

"ኤስ ኤስ ዲም አንድ ቀን ይሞታል፤ እሱማ ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው። ቅጂውን ለብቻው ያኑሩት።"

እሷ ስትወጣ ሽማግሌው ኮምፒውተሩን ከፈቱ። ገና ወንበራቸውን ሳይስቡ ተከፍቶ ጠበቃቸው። ቤቱ ጭር አለ፤ የፈሩትም ይህንኑ ነበር። ከብዙ ማመንታት በኋላ አንዱን ንባብ ነኩት። የባለቤታቸው ድምፅ ምንም ጉርምርምታ ሳይጋርደው ጥርት ብሎ ወጣ። እስትንፋሷ፣ ገጽ ስትገልጥ የወረቀቱ ኮሽታ ሳይቀር ይሰማል። አንድ ቃል አጥብቃ መጥራት ሲገባት አላልታ ጠራችው። ሽማግሌው ሳያስቡት ጮክ ብለው አረሟት። ድምፃቸው ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ደነገጡና አለቀሱ።

የመጠነኛ ወጪ ጥቅም እነሆ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ከመጣል ተረፈ፣ ሽማግሌው ለማያስፈልግ ፍጥነት አልከፈሉም፣ ንባቡም ከመጥፋት ድኖ ባለቤታቸው ታስተምርበት ወደነበረው ትምህርት ቤት ደረሰ። ትምህርት ቤቱም የጎደሉት ምዕራፎች የት እንዳሉ ሽማግሌውን ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ምዕራፎቹ የጎደሉበትን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረዱ። ጎረቤታቸው ማይክሮፎኑን አስተካክላላቸው ወደ ሥራዋ ሄደች። በባዶው ቤት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ እሳቸው ለማያውቋቸው፣ እነሱም ለማያዩዋቸው ልጆች፣ የባለቤታቸው ድምፅ ከተቋረጠበት ማንበብ ጀመሩ።