ሜዳው የት ይሁን?

ሽማግሌው ግንበኛ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ሲወጡ፣ የካርታ ባለሙያዋን የእህታቸውን ልጅ ጥቅል ወረቀት በብብቷ ሸጉጣ ስትወርድ አገኟት። የልጆች መጫወቻ የት ይሠራ የሚለውን እሳቸው የሚመሩት የሰፈር ኮሚቴ ነገ ይወስናል፤ እሳቸው ግን በልባቸው ከወሰኑ ሰንብተዋል።

«ከመንገዱ ማዶ ነዋ! ሰፊ፣ ለጥ ያለ ሜዳ። መሬት እኮ ተረግጦ ነው የሚመረጠው» አሏት።

«እውነትዎን ነው ጋሼ። እስቲ ግን ይህን ይዩልኝ» ብላ ካርታዋን ደረጃው አጠገብ ባለው መስኮት ደፍ ላይ ዘረጋችው።

ሰውየው ወረቀት ባይወዱም አዲስ ነገር ሳያዩ ማለፍ አይሆንላቸውም። መነጽራቸውን አውጥተው አጎነበሱ።

«ይህ ቀይ ነጠብጣብ ምንድን ነው?»

«ልጆች ያሉበት ቤት ነው። ወፍራሙ ጥቁር መስመር የከባድ መኪናው መንገድ። እስቲ የልጅ ልጅዎን በጣትዎ ከቤት ሜዳው ያድርሱልኝ።»

ጣታቸው ከቤታቸው ተነሳ፤ ጥቁሩ መስመር ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ያቺ ቀበጥ የልጅ ልጃቸው እጇን ሲይዟት እንደማትወድ ትዝ ሲላቸው ደነገጡ።

«ለካ እኔ ባዶ ቦታ ስፈልግ ልጆቹን ረስቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። ቀዩ ወደ ተጠጋጋበት ዞሩ። «ይህቺ መሀል ላይ ያለችው ነጭ... የኮሚቴው ግቢ አይደለችም እንዴ? የእኔ እንጨት የተከመረባት!»

«እሷው ናት ጋሼ። ትንሽ ብትሆንም ልጆቹ አስፋልት ሳይሻገሩ ይደርሱባታል፤ እናቶችም ከደጃፋቸው ያዩዋቸዋል። ማዶው ኳስ ለሚጫወቱት ለትልልቆቹ ይቆይ።»

«ክረምት ላይ ጥጓ ውሃ ትቋጥራለች እኮ።»

«ይኸውልዎ! ይህን ካርታዬ አያውቅም። የእርስዎም እግር ያስፈልገናል።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እንግዲያው ቦይ አወጣላታለሁ።»

በማግስቱ ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው የኮሚቴውን አባላት አንድ በአንድ «በል፣ ልጅህን አድርስ» አሏቸው። የሁሉም ጣት እዚያው ጥቁሩ መስመር ላይ ቆመ፤ ክርክሩም አበቃ። ቦታ ሲመረጥ የመሬቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን ማን፣ ከየት፣ በምን በኩል እንደሚመጣ የጠየቀ ሰፈር፣ የሠራው ነገር ባዶውን አይቀርበትም።

ሽማግሌው ግቢውን ለመጫወቻው ሊያጸዱ የመጨረሻዋን እንጨት ሲያነሱ የልጅ ልጃቸው እያለከለከች ግቢው ውስጥ ገባች።

«ማን አመጣሽ?» አሏት ደንግጠው።

«ማንም። ብቻዬን መጣሁ!»