በትሩ በማን እጅ ነበር

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው አባት ከብረት በያጅ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በአንዲት ጠባብ የኪራይ ቤት ተወለዱ። የሚሽከረከር ነገር አይተው የማያልፉ ልጅ ነበሩና አንድ ቀን የስፌት መኪናውን መንኮራኩር ፈትተው በግቢው ሲያንከባልሉ ተገኝተው በእናታቸው ተገረፉ፤ አባታቸው ግን "ይሄ ልጅ ቤቱን ሳይፈታው ሥራ ይያዝ" ብለው ወደ ብየዳ ቤታቸው ወሰዷቸው።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከሙያ ማሠልጠኛም በመካኒክነት ተመርቀው፣ የከተማው መናፈሻ የልጆች ባቡር ሲያሠራ ሐዲድ ከዘረጉት ሠራተኞች አንዱ ሆኑ። ሥራው አልቆ ጓደኞቻቸው ሲበተኑ እሳቸው "የዘረጋሁትን ለማን ጥዬ?" ብለው በነጂነት ቀሩ።

ባቡሯ ቁመቷ ከወገብ አይበልጥም፤ ተሳፋሪው እንደ ፈረስ ይፈናጠጣታል። ቦርጫም አባት ሲመጣ "ጋሼ፣ አንድ ትኬት ለእርስዎ፣ አንድ ለሆድዎ" እያሉ ያስቁ ነበር። ከበሩ ጣቢያ ተነስታ፣ የጽጌረዳውን አጥር ታክካ፣ ኩሬውን ዞራ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ በዋሻው አልፋ ጉብታው ላይ ካለው ጣቢያ ደርሳ ትመለሳለች። ቀይና አረንጓዴ የሚባሉ ሁለት ባቡሮች ነበሩ፤ ከድልድዩ እስከ ዋሻው ማዶ ግን ሐዲዱ አንድ ብቻ በመሆኑ፣ እንዳይጋጩ ሲባል አንዲት ቀለም የተቀባች በትር ነበረቻቸው። በትሩን የያዘ ይገባል፤ ያልያዘ ቆሞ ይጠብቃል፤ የወጣው ለሚገባው ያቀብላል። ሕጉ ይኸው ነው፤ እሳቸውም አንድም ቀን አልጣሱትም።

ባለቤታቸው የባቡሩ ትኬት ሻጭ ነበሩ። "አንተ ሰውዬ፣ ለሐዲዱ ከምትቀባው ዘይት ለፀጉርህ ብታደርግ ምን አለበት?" ብለው ቢተርቧቸው "አንቺ ከቀባሽኝ" ብለው መለሱ፤ በዚያው ዓመት ተጋቡ። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሐሰት ነው። አንድ ቀን አዲስ የተሾመው የመናፈሻው ሥራ አስኪያጅ እንግዶቹን ይዞ መጥቶ የአረንጓዴዋን ነጂ "ውረድ፣ እኔ እነዳለሁ" አለው። ነጂው "ጌታዬ፣ በትሩ እኮ ማዶ ነው፤ ትንሽ ይጠብቁ" ቢለው፣ "በትር የሚይዝ እረኛ ነው!" ብሎ እንግዶቹን አስቆ ገባ። እሳቸው በቀይዋ ከማዶ ገብተው ነበር፤ ከጀርባቸው ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ሴት ልጃቸው ተቀምጣለች። ዋሻው ውስጥ መብራት አይተው ፍሬን ይዘው ቆሙ፤ አረንጓዴዋ ግን መጥታ ገጨቻቸው። ፉርጎ ተገለበጠ፤ የአንዲት ሕፃን ክንድ ተሰበረ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠርቶ "ጥፋቱ የአስተዳደሩ ነው ከተባለ ባቡሩ ይነቀላል። እኔ ሌላ ወንበር አላጣም፤ አንተ ግን ሌላ ሐዲድ የለህም" አላቸው። እሳቸውም ባቡሩ ከሚነቀል ስማቸው ቢጠፋ መርጠው "ያለ በትር የገባሁት እኔ ነኝ" አሉ፤ የአረንጓዴዋ ነጂም ለእንጀራው ሲል ይህንኑ መሰከረ። ሥራ አስኪያጁም ነጂነቱን ነጥቆ መጥረጊያ ሰጣቸው፤ እሱ ግን ከፍ ብሎ ተሾመ። በየበሩ "ገልባጩ መጣ" ተባሉ። ባለቤታቸው "ለመሆኑ በትሩ በማን እጅ ነበር?" ብለው ቢጠይቁ እሳቸው መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ፤ ባለቤታቸውም ከዚያ ወዲህ ባቡሯን ዞር ብለው አላዩም። ልጃቸውን ግን "እኔ በሕይወት እስካለሁ ካፍሽ እንዳይወጣ፤ ለእናትሽም ቢሆን" ብለው አስማሏት።

ሰው ፊት ድምፅዋ የማይወጣው ልጅ መሐላዋን ጠበቀች፤ ሰውየው ግን ቃሉን በላ። ባለፈው ክረምት ሐዲዱን አስነቅሎ ቦታውን መኪና ማቆሚያ አደረገው። ሳንባቸው ታሞ በተኙበት ሆስፒታል ወሬው ሲደርሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ በዚያው አረፉ።

ዛሬ ጠዋት ይኸው ሰው ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ "ሰው ናቸው፣ ተሳስተዋል፤ እኛም ይቅር ብለናቸዋል" አለ። ማን ማንን ነው ይቅር የሚለው? የሰው ስም አቃጥሎ አመዱ ላይ ቤት የሠራ፣ በሬሳ ፊት ይቅርታ ያድላል? እሳቸው ሞተዋልና መሐላው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ልጃቸው የነገረችኝንም እነሆ በእሷ ፈንታ እናገራለሁ።

ነጂ ሁለት እጁ ሥራ ላይ ስለሆነ በትሩን ከጀርባው የተቀመጠው ሰው ይይዝለታል። የዚያን ቀን በትሩ በልጃቸው እጅ ነበር። በድንጋጤ ሳትጥለው ቤት ገባች፤ በልብሶቿ ሥር ስትደብቀው ኖራ፣ ይኸው አሁን ሳጥናቸው ላይ አኑራዋለች። ባለቤታቸው ለጠየቁት ጥያቄ መልሱን ይዩት፤ ከፊት ወንበር የተቀመጠውም ይየው።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን፣ ማንም ያለ በትር ከማይገባበት፣ መንገዳቸውንም ማንም ከማይዘጋባቸው ስፍራ ያሳርፍልን።