በደቦ የታጨደው ጤፍ

ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን ተናገርሁ። ልጄ ስመኝ ስለ ማሳችን አፈር ያጠናችውን የዶክትሬት ጽሑፍ አስጠርዛ መንደራችን ዘንገና ድረስ ይዛልኝ መጣች። ጎረቤቴ አያ ታከለ አብሮኝ ተቀምጧል። ፊደሉን ብለይም እንግሊዝኛው ስለማይገባኝ ገጹን ብቻ ስገልጥ፣ መሐሉ ላይ የሌሎች ሰዎች ስም ከስሟ ጋር ተደርድሮ አየሁ።

"እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?"

"አብረውኝ የሠሩ ናቸው፣ አባባ። ይህ ክፍል ቀድሞ በመጽሔት ወጥቷል። የወጣውን እዚህ ማካተት ይፈቀዳል።"

"የሰው ድካም ቀላቅለሽ፣ ያውም አንዴ የታተመውን፣ የኔ ነው ትያለሽ?"

አያ ታከለ ሳቀ። "የአምናን ገለባ ዘንድሮ ወቃችው በለኛ!"

ስመኝ አልሳቀችም። "አባባ፣ እርስዎ በደቦ ያሳጨዱት ጤፍ የማን ነው?"

የኔ ነው። ግን ጎረቤት ፊት ይህን ማለት አቃተኝና "ከአባትሽ ጋር አትከራከሪ!" አልኋት። ጽሑፉን መደቡ ላይ ትታ በማግስቱ ወደምትኖርበት ከተማ ወደ ቆሰበር ተመለሰች።

ቆይቶ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ አነበበልኝ። ለካ ከታተመው ክፍል በፊት ማን ምን እንደሠራ አንድ በአንድ ጽፋለች፤ አፈሩን የመረመረው እገሌ፣ ጽሑፉን ያረመው እገሌ እያለች። መጨረሻው ላይ "አፈሩ የተወሰደባቸውን ጉድጓዶች በሙሉ የቆፈረልኝ አባቴ ነው" ይላል። ስቆፍር እያጉረመረምሁ እንደነበር አልጻፈችም።

ጎበዝ ልላት ደወልሁ። "ምነው አባባ፣ ደኅና ነዎት?" ስትለኝ፣ "ድንቹ ደርሷል" ብዬ ዘጋሁት።