ከአልጋው የማይርቅ ዲግሪ

ሰው ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ እኔ የምሰቅለው የለኝም። ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ አርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ ሰፈር የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ከከፈትኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ኮምፒውተሩንም እንግሊዝኛውንም ራሴን ያስተማርኩት ራሴው ነኝ። ቢሆንም የአርባ ምንጭና የዙሪያዋ ዲግሪ ፈላጊ ማመልከቻውን የሚሞላው በእኔ ጣት ነው፤ ግማሹ ሊማር የመጣውን ትምህርት ስም እንኳ አስተካክሎ አይጽፍም። ይህን የምለው ለመመካት ነው፤ አልዋሽም።

ሰኔ ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ የጎረቤቴ ፕሪንተር ተበላሸና አባትና ልጅ ወደ እኔ መጡ። አባትየው አቶ ዘካሪያስ ይባላሉ፤ ካምባ ወረዳ ውስጥ የታወቁ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ቤተል እዚያው ወረዳ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ፈተናዋን አልፋለች፤ የቀራት ማመልከት ነው፤ ማመልከቻው ደግሞ የሚዘጋው በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

«ሲስተር ቤተል ዘካሪያስ ብለሽ ጻፊ» አሉ አባት፣ ልጅቱ አፏን ሳትከፍት።

«ጋሼ፣ ሲስተር የሚባል ቦታ የለውም። ስምና የአባት ስም ብቻ ነው።»

«ሰባት ዓመት የተጠራችበት ስም ቦታ የለውም? እሺ፤ ቀጥዪ።»

ቀጠልን። የትምህርት ምርጫ ላይ ደረስን፤ የሚመረጠው አንድ ብቻ ነው።

«የኅብረተሰብ ጤና» አሉ አባት።

«የጨቅላ ሕፃናት ነርሲንግ» አለች ልጅ።

እኩል ነው የተናገሩት። ጣቴ አየር ላይ ቀረ።

አቶ ዘካሪያስ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «እስቲ ልጄ፣ አንቺ ፍረጂ። ሰው የሚማረው ለምንድን ነው? ከፍ ለማለት አይደለም? እኔ የኦቾሎ መንደር ሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን ኖረ። እኔ ተማርኩና ከጉድጓዱ ወጣሁ። እሷ ደግሞ ትማርና ከአልጋው ሥር ትውጣ! ሽንት ደፋች፣ ደም ጠረገች፣ ይበቃታል። አሁን ወንበር ይገባታል።»

«አባዬ፣ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ወንበር ሞልቷል» አለች ቤተል። «ሰው ያጣው የአልጋው ራስጌ ነው።»

«ታዲያ ማስተርስ ይዘሽ ምን ሊሉሽ ነው? ሲስተር! ከማስተርሱ በፊት ሲስተር፣ ከማስተርሱ በኋላ ሲስተር። ዲፕሎማ ያላትም ሲስተር። ስም የማይለውጥ ትምህርት ምን ትምህርት ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልሆነልኝም።

«ጋሼ፣ ፍረጂ ካሉኝ ልፍረድ። በእኛ አገር ሰው በተማረ ቁጥር ከበሽተኛው ይርቃል። ያልተማረችው ታጥባለች፤ ዲፕሎማ ያላት መርፌ ትወጋለች፤ ዲግሪ ያለው ይፈርማል፤ ማስተርስ ያለው ይሰበሰባል። ከዚያ በላይ የተማረውማ ስለ በሽተኛው የሚሰማው በሪፖርት ነው።»

«አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«አሥረኛን አልጨረስኩም።»

«እንግዲያውስ ጻፊ እንጂ አትፍረጂ።»

«አሁን እርስዎ አይደሉ ፍረጂ ያሉኝ?»

ቤተል ሳቀች፤ አባት አልሳቁም። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶና የታጠፈ የዋስትና ቅጽ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ጉዳዩ ይህ ነው፤ ወረዳው ሠራተኛውን ለትምህርት የሚለቀው «ተመልሳ ታገለግላለች» ብሎ የሚፈርም ደመወዝተኛ ዋስ ሲያገኝ ብቻ ነው። ወንድሟ ካሌብ ገበሬ ስለሆነ ዋስ መሆን አይችልም። ያላት ዋስ አባቷ ናቸው።

«ፊርማዬ ለኅብረተሰብ ጤና ነው» አሉ። «ለሌላው እጄ አይነሳም። ለመሆኑ ጨቅላ ምን ማስተርስ ያስፈልገዋል? ይወለዳል፣ ይጠቀለላል፣ ይጠባል። እግዚአብሔር ያለው ያድጋል። አያቶቻችን ዲግሪ ነበራቸው?»

«ስንት ቀበሩ?» አለች ቤተል።

አባት እስክሪብቶውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«የካሌብን ልጅ ያስታውሷታል አባዬ?»

«ጌታ የወሰደውን ለምን ታነሺያለሽ? ያውም በሰው ቤት?»

«ዓመት ሙሉ በእኛ ቤት ላነሳው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። እርስዎ ይጸልያሉ፣ ማሚቱ ታለቅሳለች፣ እኔ እወጣለሁ።»

ማሚቱ የካሌብ ሚስት ናት። ያለፈው ዓመት ሐምሌ፣ በሰባት ወሯ፣ ቤተል ተረኛ በነበረችበት ሌሊት ሴት ልጅ ወለደች። ሲነጋ እናትና ልጅ ከቤተሰቡ ጋር በመኪና ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተላኩ። መንገዱ ጭቃ፣ ደጋው ብርድ፣ ጉዞው አራት ሰዓት። ማሚቱ ከኋላ ተኛች፤ አቶ ዘካሪያስ በቡሉኮ የተጠቀለለችውን ሕፃን ታቅፈው ከፊት ተቀመጡ። «ስንነሳ ድምፅ ነበራት» አለች ቤተል፤ «ከተራራው ወርደን የሙዙ ማሳ ሲታየን ግን ዝም ብላ ነበር።»

«ያ ቡሉኮ አባቴ የሸመነው ነው» አሉ አቶ ዘካሪያስ ቀስ ብለው። «ኦቾሎ ውስጥ እንደሱ የሚሞቅ የለም። ለሬሳዬ ያስቀመጥኩትን ነው ለሷ ያወጣሁት።»

«አውቃለሁ። ግን አባዬ፣ ቡሉኮ ሙቀት አይሠራም፤ ያለውን ነው የሚይዘው። ድንጋይ ቢጠቀልሉበት ድንጋዩ ይሞቃል? ያቺ ልጅ የራሷ ሙቀት አልነበራትም፤ ጊዜዋ ሳይደርስ የወጣች ናት። ቦታዋ የእናቷ ደረት ነበር። ገላ ለገላ፣ ጨርቅ ሳይገባ፤ ቡሉኮው ከላይ።»

መምህሩ ነገሩን እንደ ሒሳብ ደጋግመው ሲያወጡና ሲያወርዱ ፊታቸው ላይ አየሁ። ስሕተት አላገኙበትም።

«ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ጨቅላ የተማርኩት አንድ ሰዓት ነው። ሰምቼዋለሁ፤ በእጄ ግን አንድም ቀን አልሠራሁትም። መኪናው ውስጥ ሹፌሩ አለ፣ ካሌብ አለ፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሉ። በእነሱ ፊት የማሚቱን ደረት ልግለጥ? ተሳስቼስ ቢሆን? እርስዎ ደግሞ እጅዎን ዘርግተው ‹ለእኔ ስጪኝ› አሉ። የአንድ ሰዓት ትምህርት አፍ የለውም አባዬ። ጠቅልዬ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ።»

«የእኔ ደረትስ?»

«ምን አሉኝ?»

«ሸሚዜን ከፍቼ፣ በእኔው ደረት ላይ ባደርጋት… ይሆን ነበር?»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ በዚያች ደቂቃ ቤተል እንድትዋሽ በዓይኔ ለመንኳት። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር። እሷ አልዋሸችም።

«ይሆን ነበር አባዬ። የወንድ ደረትም ይሞቃል።»

እጃቸው ወደ ኮታቸው ቁልፍ ሄደና እዚያው ቀረ። «አራት ሰዓት» አሉ። «አራት ሰዓት ሙሉ እቅፌ ውስጥ ነበረች።»

ውኃ ቀዳሁላቸው፤ አልጠጡም። አሁን ይፈርማሉ ብዬ ነበር። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው በሐዘን ብቻ አይረታም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ይህን አሁን በአምስት ደቂቃ አስተማርሽኝ። በአምስት ደቂቃ ለሚገባ ነገር ሁለት ዓመት ለምን?»

«ይህ ቀላሉ ስለሆነ ነዋ! ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን የሚረሳውስ? መጥባት የማይችለውን በቀጭን ቱቦ ጠብታ በጠብታ መመገብስ? ቢጫ የሚሆነው? ኦክሲጅን ሲያንስ ይገድላል፣ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፤ ልኩን ማን ይወቅ? ጤና ጣቢያችን ውስጥ ያለን ነርሶች ሁላችንም የአንድ ሰዓት ተማሪዎች ነን። አንዳችን በደንብ ካወቀች ሌሎቹን ታስተምራለች። ለሹፌሩም፣ ለሐኪሙም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ‹አይሆንም፣ እንዲህ ነው› የምትል አንዲት ሴት ትኖራለች። የኅብረተሰብ ጤናን አልናቅሁም አባዬ፤ ክትባቱና ንጹሑ ውኃ በእነሱ ድካም የመጣ ነው። ግን እሱን የተማሩ ሦስት ሰዎች አሉን። ለጨቅላ አንድም የለን።»

«ከዚያች ወዲህ ስንት ሞተብሽ?»

«በእኔ ተራ፣ አምስት።»

አቶ ዘካሪያስ እስክሪብቶውን አነሡ። የዋስትናውን ቅጽ ፈረሙ፤ ስማቸውን ከፊርማው ሥር በመምህር እጅ ጽሑፍ ጻፉ፤ ቀን አደረጉበት። «ጨቅላ ብለሽ ምረጪላት» አሉኝ። መረጥኩ። ዐሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ላክሁት፤ መድረሱን የሚገልጸውን ወረቀት አተምኩ።

አንባቢ ሆይ፣ ልጅህ ወይም እህትሽ ሁለተኛ ዲግሪ ስትመርጥ «ምን ብለው ይጠሩሻል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ሌላ ሰው የማያውቀውን ምን ታውቂልናለሽ?» በሉ። ወንበር ለሚቀመጥበት ብቻ ይጠቅማል። በአልጋው ራስጌ የቆመ ዕውቀት ግን ለእናቲቱ፣ ለሕፃኑ፣ አጠገቡ ላለችው ጀማሪ ነርስና ከእሷም ቀጥላ ለምትመጣው ይተርፋል። መማር መራቅ ነው ብሎ ያስተማረን ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ዋጋውን ግን ማን እንደሚከፍል አይቻለሁ።

ቤተል ወረቀቱን ስታጣጥፍ አባቷ ገና አልተነሡም ነበር።

«ማሚቱ ስድስት ወሯን ይዛለች» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«እስክትመረቂ አትጠብቅሽም።»

«አትጠብቅም። ስለዚህ እርስዎ ይንገሯት። ምናልባት ይህኛውም ጊዜው ሳይደርስ ከወጣ፣ መኪና ውስጥ ወንድ ሞላም አልሞላም ደረቷን ትክፈት። ከእርስዎ አፍ ከሰማች አታፍርም።»

«እነግራታለሁ። ግን ለምን ብላ ትጠይቀኛለች።»

«ትጠይቃለች።»

«በቀብሩ ዕለት ‹ጌታ ስለወደዳት ወሰዳት› አልኳት። ዓመት ሙሉ የያዘችው ያቺን ቃል ነው፤ ሌላ የላትም። አሁን እሷንም ልቀማት ነው።»

ቤተል የታጠፈውን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሽማግሌው ተነሡ፤ ልጃቸውን ግንባሯን ሳሙ። «አንቺ ነገ ነይ» አሏት። «እኔ የመጨረሻው መኪና ሳያመልጠኝ ልሂድ። ነገሩ ካደረ አልነግራትም።»