እትዬ ቹንዎል የቀበሩት እንግዳ

የተከበራችሁ የሞልጌ ሽማግሌዎች፤ ከባሕር ወጥታችሁ ፀጉራችሁ ሳይደርቅ የደረሳችሁ ጠላቂ እናቶች፤ የእኔው የሶምባት ሰዎች፤ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። ሙን ኪሱ ነኝ። የጎረቤት መንደር የሶምባት ሰው ሆኜ በሞልጌዋ እትዬ ቹንዎል መቃብር ላይ ልናገር የቆምኩት እሳቸው አዘውኝ አይደለም። እሳቸውማ ቢሰሙኝ «አንተ ለፍላፊ፣ ልቀቃቸው ወደ ሥራቸው ይሂዱ!» ይሉኝ ነበር።

በእትዬ ቹንዎል ያልተሰደበ እዚህ ማን አለ? የፋብሪካ ማዳበሪያ የመጣ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? የግብርና ሠራተኛው አንድ ከረጢት በነፃ ሰጣቸው። በሳምንቱ ሲመለስ በዚያው ከረጢት የባሕር አረም ሞልተው፣ አዝለው፣ ዳገቱን ሲወጡ አገኛቸው።

«ማዳበሪያውስ፣ እትዬ?»

«ከረጢቱ ጠንካራ ነው። ተባረክ!»

ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን ልክ ነበሩ። ይህ አፈራችን ነፋስ ሲነካው ብን ብሎ ይሄዳል። እሳቸው አረሙን ከምረው፣ ዝናቡ ጨውን እስኪያጥበው ጠብቀው፣ ከዘር በፊት ሲበትኑት አፈሩ ይረጋል። ገብሱ ሥር ይይዛል። የባሕር አረም ያጣ መንደር ገብስ የለውም። አባቶቻችን በሁለቱ መንደሮቻችን ድንበር ላይ ባለው የባሕር ዳርቻ ሲፈነካከቱ የኖሩት ለዚህ ነው። ሕጉንም ታውቁታላችሁ፤ ባሕር የተፋውን አስከሬን አንሥቶ የቀበረ መንደር የዚያን ዳርቻ አረም ይወስዳል።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት አንድ የሰጠመ ሰው በዚያ ዳርቻ ወድቆ ተገኘ። የማን ነው? ማንም አያውቀውም። የማን ነው? የእናንተ የሞልጌ ሽማግሌዎች ወደ እኛ ጠቆሙ። የማን ነው? እኔ፣ ያኔ የሶምባት አለቃ የነበርኩት፣ «በእናንተ በኩል ነው የወደቀው!» ብዬ ጮኽኩ። በዚያ ዓመት ለቀብር ድግስ የሚተርፍ እህል ያለው ቤት አልነበረም። የራበው ሰው ደግሞ የከርሞ ገብስ አይታየውም።

እኛ ስንጨቃጨቅ እትዬ ቹንዎል ከባሕር ወጡ። «እናንተ ተከራከሩ፤ ሰውዬው ግን በረደው» አሉ። አረም በሚሸከሙበት እንጨት ላይ አስረው አዘሉት። አጠቡት። ለራሳቸው ሰፍተው ያስቀመጡትን መግነዝ አለበሱት። ያውና፣ ከጎናቸው ባለው ጉብታ፣ በገዛ ማሳቸው ቀበሩት። ዳርቻው የሞልጌ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት የሶምባት ገብስ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ልጆቻችን ሳይበሉ ተኙ። ጨነቀኝና እትዬ ቤት ሄድኩ። ደጃፍ ተቀምጠው ማጭድ ይስላሉ።

«ከአረሙ ያካፍሉን፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ኪሱ፣ ያ ሰው በማን በኩል ነበር የወደቀው?»

«በ... በእናንተ።»

«የኮቱ ጀርባ በመንጠቆ ተቀዶ ነበር። ሰፋሁለት» አሉኝ።

ማጭዱን እጄ ላይ አስቀመጡት። «በየዓመቱ በስምንተኛው ወር የመቃብሩን ሣር አንተ ታጭዳለህ። አረሙን ውሰዱ። ለመንደሬ እኔ እነግራለሁ።»

ነገሯችሁ። እናንተም አክብራችኋቸው ፈቀዳችሁልን። የእኛ ልጆች በእናንተ አረም አደጉ።

እኔም አጨድኩ። በየዓመቱ አጨድኩ። «ኪሱ ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው፣ የማያውቀውን ሰው መቃብር ያጸዳል» አላችሁኝ። እኔም ዝም ብዬ ምስጋናችሁን ተቀበልኩ። እትዬ ግን አጠገቤ ይቆሙና «እዚያ ጋ ተውክ! ሰካራም የላጨው ራስ አስመሰልከው!» ይሉኝ ነበር። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

አሁን ልናገረው። ያን ጠዋት ሰውዬውን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። የወደቀው በእኛ በኩል ነበር። አረም በምንስብበት ባለ መንጠቆ ዘንግ ኮቱን ያዝኩና ከድንበሩ ድንጋይ አሳልፌ ወደ እናንተ ገፋሁት።

የሶምባት ሰዎች፣ ሰውዬውን ብናነሣው ኖሮ ዳርቻው የእናንተ ነበር። ልጆቻችሁን ያስራብኩት እኔ ነኝ። የሞልጌ ሰዎች፣ ሙታችንን ደጃችሁ ጥዬ፣ መልሼ ዓይናችሁን እያየሁ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ፍርዳችሁን ከዚህ ስንመለስ ስጡኝ፤ የትም አልሄድም።

እሳቸው በሕይወት እያሉ ለምን አልተናገርኩም? ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እትዬ ቹንዎል፣ እርስዎ የእኔን ነውር ይህን ሁሉ ዓመት በሆድዎ ይዘው ኖሩ። ለጓደኛ አላወሩትም። በተናደዱ ቀን እንኳ ፊቴ ላይ አልወረወሩትም። ይኸው፣ ዛሬ ሁሉም ሰማ። ከእንግዲህ የሚደብቁልኝ የለም። የእኔን ነገር ይዘው አይውረዱ፤ ለእኔው ይተዉልኝ። ቀልሎዎት ይሂዱ፣ እትዬ።